ቧንቧ ውስጥ ያደረ ውሃ

ሆሳዕና
ግንቦት 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ ጣቢታ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ወንድምሽ ኤሊያስ ነው። ከደብዳቤው ጋር በአሮጌ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይሰጥሻል። ክብደቱ እንዳያስደነግጥሽ፤ ከቤታችን ቧንቧ የተቆረጠ አንድ ስንዝር ቁራጭና ሁለት ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው። ደብዳቤውን አንብበሽ እስክትጨርሺ ግን እንዳትፈቺው አደራ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳይጽፍልኝ ዛሬ ደግሞ ትእዛዝ ይሰጠኛል ብትይ እውነትሽን ነው።

ደብዳቤ ሲጻፍ ጤና መጠየቅና የራስን ጤንነት መግለጽ ደንብ ነው። እኔ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። ሐዘን ነው እንዳልል አላለቅስም፤ ንዴት ነው እንዳልል ማንንም አልተቆጣሁም። ጥርስ ሊነቀል መርፌ እንደተወጋ ድድ ደንዝዣለሁ። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። ደብዳቤው ደረቅ ሆኖ ብታገኚው የሆነው ነገር ያልገባኝ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ኤሊያስን ገበያ ውስጥ አገኘሁት። ሻይ ጋበዝኩት። ሻዩን ሲያማስል ሲያማስል ቆይቶ ነገረኝ። ዋለ የሚባለው የዱራሜ መምህር ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት እንደሆነው፣ አንቺን ፈልጎ ወደ አባትሽ ሽማግሌ እንደላከ፣ አባትሽም ደስ እንዳላቸው፣ አንቺ ግን «እኔ ልጅ የማይጸናልኝ ሴት ነኝ፤ የሰው ቤት አላበላሽም» ብለሽ እንደመለስሻቸው። ጣቢታ፣ ያ ቃል ያንቺ አይደለም። የእናቴ ቃል ነው፤ እኔም ዝም ብዬ ያጸደቅሁት። ሐሰት መሆኑን አሁን አውቄአለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ለዚህ ብቻ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ። በተጋባን ሰሞን አንቺ ከምባትኛ፣ እኔ ሀዲይኛ፣ በመካከላችን ያለው አማርኛ ነበር። ስንጣላ እንኳ ቃል እያጠረን ጠቡ መሐል ላይ ይበርድ ነበር። ያን ጊዜ ውሃ የምትቀጂው ከቦኖ ነው። የውሃ ሠራተኛ ሚስት ሆነሽ እንስራ ይዘሽ ስትሰለፊ ሴቶቹ «ባልሽ የከተማውን ውሃ ይዞ አንቺ እኛ ጋ ምን ትሠሪያለሽ?» እያሉ ያበሽቁሽ ነበር። አንቺ እየሳቅሽ ነበር የምትነግሪኝ። እኔን ግን ከነከነኝ። ግቢያችን ውስጥ ቧንቧ ላስገባልሽ በልቤ ማልኩ።

በ1970 ዓ.ም. የብረት ቧንቧ ለመንግሥት ሥራ ካልሆነ በቀር አይገኝም ነበር። ከመንገዱ ዳር ያለው የግራዝማች አሮጌ ቤት በአዋጅ ተወስዶ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት የሆነ ጊዜ፣ ግቢው ሲታደስ ከመሬት ውስጥ አንድ አሮጌ ቧንቧ ወጣ። ግራጫ ነው፤ እንደ እባብ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ተጣለ። ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ወልደኪዳን አነሱት፣ በጥፍራቸው ጫር አደረጉትና «ይሄ እርሳስ ነው፤ ጣሊያን የቀበረው» አሉኝ። «በእጅህ ታጥፈዋለህ። ለመጋጠሚያ ጥርስ ማውጣት የለ፣ ዝገት የለ። ለልጅ ልጅህ ይተርፋል።»

«እርሳስ ችግር የለውም ጋሽ ወልደኪዳን?» አልኳቸው።

«እርሳስ የሚገድለው ከጠመንጃ ሲወጣ ነው!» ብለው ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል የሰማሁት በልጅነቴ ነው፤ የገባኝ ግን ዘንድሮ ነው። ጋሽ ወልደኪዳን በ1973 ዓ.ም. ስላረፉ እሳቸውን የምወቅስበት ነገር የለኝም። እሳቸውም የተማሩት ከሰው ነው፤ አስተማሪያቸውም ያላወቀውን ሊነግራቸው አይችልም።

ከመንገዱ እስከ ግቢያችን ሠላሳ አምስት ሜትር ቦይ ቆፈርኩ። አንቺ አፈሩን በቅርጫት ታወጪ ነበር። እንዳታወጪ ስለምንሽ «ቧንቧው የኔ ነው አይደል?» ብለሽ አሳፈርሽኝ። ቧንቧው ሲከፈት መጀመሪያ ነፋስ ብቻ ሳለና ምራቁን ተፋ፤ ከዚያ ውሃው ሲወርድ እልልታሽን ሰምተው ጎረቤቶች ሠርግ አለ ብለው መጡ። እኔ በሕይወቴ የሠራሁት ትልቁ ሥራ ይህ ነው ብዬ ነበር። ዛሬም ትልቁ ሥራዬ እሱ ነው።

የከተማው ሞተር ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሲነሳ ውሃው ደፍርሶ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። የየሰፈሩን ዝገትና ጭቃ ይዞ ነው የሚወርደው። ሌሊቱን በኛ ቧንቧ ውስጥ ያደረው ውሃ ግን ኩልል ያለ ነበር። ስለዚህ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነስቼ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ መጀመሪያ የሚወርደውን በጆግ እቀዳልሽ ነበር። አንድ ብርጭቆ ከአልጋሽ አጠገብ አስቀምጬልሽ፣ የቀረውን ለሻይሽና ለወጥሽ እተውልሽ ነበር። እኔ ሥራ ቦታ ደርሼ ከማጠራቀሚያው እጠጣለሁ። እናቴ ደግሞ «የቧንቧ ውሃ ሕይወት የለውም» ብላ ከምንጭ ካልተቀዳ አልጠጣም እንዳለች ነው ያረጀችው። ከቤታችን ሰው ያንን ውሃ በየቀኑ የጠጣሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ስታረግዢ ደግሞ «አሁን ለሁለት ነፍስ ነው» እያልኩ ሁለት ብርጭቆ አደረግሁልሽ።

የመጀመሪያው በአራት ወሩ ወረደ። ሁለተኛው በአምስት። የሰፈር ሴቶች በተራ የሚያጠራቅሙት ቅቤ ሁለት ጊዜ ለአራስነትሽ ደረሰሽ፤ ሁለቴም አራስ የሌለበት ቤት ውስጥ ከረመ። ራስሽን ያምሽ ጀመር። ሆድሽን ቁርጠት ይይዝሽ ነበር። ብርጭቆ ከእጅሽ ይወድቅ ጀመር። እናቴ «ሐሳቧ እዚህ የለም» ትል ነበር፤ እኔ ደግሞ ሐዘን ነው አልኩ። ውሃ እንድትጠጪ እመክርሽ ነበር።

ሦስተኛው ስምንት ወር ሞልቶት ተወለደ። ወንድ ነበር። አልጮኸም። አዋላጇ ገልብጣ መታ መታ ስታደርገው በሩ ላይ ቆሜ አይ ነበር። የቀበርኩት እኔ ነኝ፤ ቦዩን በቆፈርኩበት አካፋ ነው የቆፈርኩለት። ስም አላወጣንለትም። አንቺ አውጥተሽለት እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠየቅሁሽም።

ያን ሰሞን እናቴ ያለችውን ታስታውሻለሽ። ቤተ ክርስቲያኑ ታሽጎ ጸሎት በየቤቱ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ጸሎቱ እኛ ቤት ነበር፣ ሰዎች ገና አልወጡም። «እኛ አማኞች ነን፣ በእንዲህ ያለ ነገር አናምንም» ብላ ጀመረች። በአማርኛ ነበር የተናገረችው፤ አንቺ እንድትሰሚው ብላ ነው። «ግን ሾተላይ ያለባት ሴት ቤት አትሠራም። አባቶቻችን ያለምክንያት አላሉም።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በሳምንቱ ሰፈሩ በሙሉ አወቀው። አንቺ ወደኔ ዞረሽ አየሽኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ጣቢታ፣ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው። ቧንቧውን ያስገባሁት ባለማወቅ ነው፤ ጫማዬን ያየሁት ግን እያወቅሁ ነው።

ወደ አባትሽ ቤት ወደ ዶዮገና የሄድሽ ቀን ጠዋትም እንደ ልማዴ ቀድቼልሽ ነበር። ሻንጣሽን ይዘሽ ቆመሽ ጠጣሽውና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልሽኝ። ሚስት ተቀይማ አባቷ ቤት ስትገባ ባል ሽማግሌ ይልካል። እኔ አልላክሁም። በዓመቱ አባትሽ ሽማግሌ ልከው «ልጄን ትፈልጋታለህ ወይስ አትፈልጋትም?» አሉ፤ መልሱን እናቴ ሰጠች። በዚያው ተለያየን።

አሁን ወደ ዘንድሮ ልምጣ። በየካቲት ወር ለአሥር ቀን ሥልጠና አዋሳ ላኩኝ። አንድ ወጣት መሐንዲስ ከአዲስ አበባ መጥቶ ያስተምረን ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛው ላይ ሦስት የቧንቧ ቁራጭ፣ አንድ ማግኔትና አንድ ቢላ አስቀመጠ። ማግኔቱ የመጀመሪያውን ያዘው፤ ብረት ነው አለ። ሁለተኛውን ፋቀው፤ እንደ ሳንቲም ቀላ፤ መዳብ ነው። ሦስተኛውን ማግኔቱ አልያዘውም። በቢላው ሲፍቀው ውስጡ ብር መስሎ አበራ። መታ ሲያደርገው እንደ ብረት አልጮኸም።

«ይህን የትም ብታገኙት ቆፍራችሁ አውጡት» አለ። «እርሳስ ነው። እየሟሟ ውሃው ውስጥ ይገባል። አይታይም፣ አይሸትም፣ ውሃውን አያደፈርስም።»

ከኋላ ተቀምጬ እጄን አወጣሁ። «ማንን ነው የሚጎዳው?» አልኩት።

«አዋቂውን ቀስ ብሎ ነው። ራስ ምታት፣ ቁርጠት፣ የእጅ መዛል። ሕፃን ላይ ይከፋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ገና ያልተወለደው ላይ ነው። እናቲቱ ልታስወርድ ትችላለች።»

«የቱ ውሃ ነው የሚብሰው?»

«ቧንቧው ውስጥ ያደረው» አለኝ። «ጠዋት መጀመሪያ የሚቀዳው።»

ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። እንደ ሌላው ትምህርት ቁጥር ሰጥቼ፣ ከሥሩም አስምሬ ነው የጻፍኩት። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ከሰዎቹ ጋር ሄጄ በላሁ። ምን እንደበላሁ ግን አላስታውስም።

ማታ መሐንዲሱን ለብቻው አገኘሁትና «አንዲት ሴት እንዲህ ያለ ውሃ ስትጠጣ ኖራ ሦስት ጊዜ ልጅ ቢሞትባት ከዚሁ ነው ማለት ይቻላል?» ብዬ ጠየቅሁት። ለረጅም ጊዜ አየኝ። «ሐኪም አይደለሁም፤ ምዬ አልነግርህም» አለ። «ግን ሌላ ምክንያት ከመፈለጌ በፊት ውሃውን እጠረጥራለሁ። ከዚያ ውሃ ከራቀች ምን ያህል ጊዜ ሆናት? ደህና ሆናለች?» አላውቅም አልኩት። ሚስቴ እንደነበርሽ ሳልነግረው ያወቀ ይመስለኛል። ኤሊያስን መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። ራስ ምታትሽ ካቆመ ሦስት ዓመት እንዳለፈው፣ ከእጅሽ ዕቃ የማይወድቅ መሆኑን፣ እንሰት ስትፍቂ ከወንድምሽ ሚስት እንደምትቀድሚ ነገረኝ። ውሃችሁ የምንጭ ነው አይደል?

ከአዋሳ እንደተመለስኩ ቅጽ ሰጥተውኝ በየቤቱ እየዞርኩ የቧንቧውን ዓይነት እንድመዘግብ አደረጉኝ። ሰው ቅጽ የያዘ ሰው ሲያይ ምን እንደሚያስብ ታውቂያለሽ። ባለ ሱቋ ወይዘሮ ትርፊት በሩን ገርበብ አድርገው ገና ሰላም ሳልላቸው «ወንድ ልጅ የለንም!» አሉኝ። ለውትድርና ሊመዘግብ ነው ብለው ነው። «ቧንቧዎን ለማየት ነው የመጣሁት» ስላቸው «ቧንቧውም ዕድሜው አልደረሰም» አሉኝ። አንቺ ብትኖሪ ይህን ነግሬሽ ስንስቅ እናመሽ ነበር። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ማግኔቴን አስጠጋሁ፣ ያዘ፣ «ብረት» ብዬ ጽፌ ወጣሁ።

ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት አየሁ። በሁለት መቶ አሥራ አንዱ ማግኔቱ ያዘ። እነዚያ ቦኖ ላይ ይሳለቁብሽ የነበሩ ሴቶች ሁሉ፣ ውሃችን ደፈረሰ እያሉ የሚያማርሩት ሁሉ፣ ቧንቧቸው ብረት ነበር። በከተማው ውስጥ ከእኛ ሌላ እንዲህ ያለ ንጹህ የሚመስል ውሃ የጠጣ የለም።

የራሳችንን ቤት መጨረሻ ላይ ነው ያየሁት። ቆጣሪው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ማግኔቱን አስጠጋሁ፤ አልያዘም። ፋቅሁት፤ አበራ። አስቀድሜ የማውቀውን ነገር ነው የፈተሽኩት። ቅጹ ላይ የቧንቧው ዓይነት የሚለው ጋ «እርሳስ» ብዬ ሞላሁ። ቀጥሎ ያለው ቦታ «ያስገባው ሰው ስም» ይላል። ስሜን ጻፍኩ። ከዚያ ቧንቧውን ቆፍሬ አወጣሁት፤ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

ለእናቴ ነገርኳት። አሁን ዓይኗ ደክሟል፤ ደጅ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። ሁሉንም በሀዲይኛ አስረዳኋት። ሰማችኝና «ታዲያ ቤቱ ውስጥ ማን አስገባው?» አለችኝ።

«እኔ» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ሾተላይ የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ ያንቺንም ስም አታነሳም። አንድ ቀን ግን ማለዳ በጆጉ ውሃ ቀድታ መሬት ላይ ስትደፋ አየኋት። አዲሱ ቧንቧ ብረት ነው ብዬ ብነግራትም በየቀኑ ትደፋለች።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። ቧንቧውን ፍቄ ሲያበራ መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው የሞቱት ልጆቻችን አልነበሩም። «እንግዲያውስ ልትመለስ ትችላለች» ነው ያልኩት። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልልክ፣ እነማን እንደሚሄዱ ሁሉ መርጬ ነበር። ይህን እያሰብኩ ነው ኤሊያስ ስለ መምህር ዋለ የነገረኝ። ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። ዝም ካልኩ አንቺ መምህሩን እንደመለስሽ ትቀሪያለሽ፤ ለጥቅምት እኔ ሽማግሌዬን እልካለሁ፤ ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ ብዬ ነበር። ዝምታን እንደሆነ ከማንም በላይ እችልበታለሁ። እናቴ መሬት ላይ ውሃ ስትደፋ ያየሁ ጠዋት ግን ጫማዬ ትዝ አለኝ። አንድ ጊዜ በዝምታዬ አባረርኩሽ፤ አሁን በዝምታ ልይዝሽ ነው። ዛሬ ኤሊያስ ለገበያ ስለሚመጣ ሌሊቱን አድሬ ጻፍኩት።

ሽማግሌ አልልክም። ይቅር በዪኝም አልልሽም፤ ይቅርታ ለመጠየቅ የሚሰማው ሰው መሆን ያስፈልጋል፤ እኔ ገና አልሰማኝም። ሲሰማኝ ብቻዬን ነው የምሆነው፤ እሱም ተገቢ ነው። እወድሽ እንደነበር ግን ታውቂያለሽ። ጉዳቱም በዚያ በኩል ነው የገባው።

አሁን ፎጣውን ፍቺው።

ሦስት ነገር ታገኛለሽ። ማግኔቱ ከተበላሸው ሬዲዮናችን የወጣ ነው። ቢላዋ ያንቺው የድንች መላጫ ናት፤ መሳቢያው ውስጥ ረስተሻት ሄደሽ ነበር። ግራጫው ቁራጭ ቧንቧው ነው። መጀመሪያ ማግኔቱን ቢላዋ ላይ አድርጊው፤ ይይዛል። ከዚያ ቧንቧው ላይ አድርጊው፤ ይወድቃል። ቀጥሎ ቧንቧውን በቢላዋ ፋቂው። አትፍሪ፣ ለስላሳ ነው። የሚያበራውን አይተሽ ለአባትሽ አሳዪ፣ ለእናትሽ አሳዪ፣ ያንን ቃል ለሰማ ሰው ሁሉ አሳዪ። ልጆቹን የነሳሽ ይሄ ነው፤ አንቺ አይደለሽም። ስትጨርሺ እጅሽን ታጠቢና ቁራጩን ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ቅበሪው።

መምህር ዋለን እሺ በይው አልልሽም፤ የኔ ፋንታ አይደለም። እሺ ካልሽ ግን፣ ከማርገዝሽ በፊት ሆስፒታል ሄደሽ ይህን ደብዳቤ ለሐኪሙ አንብቢለት። ኤሊያስ እንደነገረኝ የዱራሜው ቤት ግቢ ውስጥ ቧንቧ አለ። በር ላይ ሲቀበሉሽ ማግኔቱ በቦርሳሽ ይኑር። ከእልልታው በፊት ቆጣሪው አጠገብ ሂጂና አስጠጊው፤ ይስቁብሽ፣ ግድ የለም። ከያዘ ብረት ነው፤ ግቢ። ካልያዘ እስኪነቀል ድረስ እዚያ ቤት አትግቢ።

ብረት ቢሆንም እንኳ ጠዋት መጀመሪያ የሚወርደውን ድፊው። ባልሽ ቀድቶ አልጋሽ ድረስ ቢያመጣልሽም አትጠጪው።

ተገኘ